ክረምት የማያፈርሰው የተራራ መንገድ፦ ለሚያስተዳድሩትና ለሚጠግኑት መመሪያ

ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበርና በግጭ አድርጎ ወደ ጨነቅ የሚዘልቀውን የሰሜን ተራሮች የእግር መንገድ የሚረግጠው ጎብኚ ብቻ አይደለም። ድንኳንና ስንቅ የጫኑ በቅሎዎች ያልፉበታል፤ እረኛው ከብቱን ይነዳበታል፤ ገበያተኛው እህሉን በአህያ ጭኖ ይወርድበታል። እንጦጦ ላይም ማልደው የሚሮጡ አትሌቶች፣ ከቤተሰብ ጋር የሚንሸራሸሩ እግረኞች፣ ፈረሰኞች፣ ብስክሌተኞችና እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አንዱን ተራራ ይጋራሉ።

እንዲህ ያለ መንገድ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው የተጓዡ ብዛት ነው። ዋናው አፍራሽ ግን መውጫ ያጣ ውሃ ነው። የሰውና የከብት እግር አፈሩን ይጠቀጥቃል፤ የተጠቀጠቀ አፈር ዝናብ አያሰርግም፤ ያልሰረገው ውሃ መንገዱን ተከትሎ ይወርዳል፤ በወረደ ቁጥር ጉልበት እያበጀ ሰኮና ያላላውን አፈር ጠርጎ ይሄዳል። ጥቂት ክረምቶች ሲያልፉ ጥርጊያው ቦይ፣ ቦዩ ቦረቦር ይሆናል። ተጓዡ ቦረቦሩን ሸሽቶ በጎን ይረግጣል፤ አዲስ ጥርጊያ ይወጣል፤ እሱም በተራው ይቦረቦራል።

ይህ መመሪያ ለቀበሌ የመንገድ ኮሚቴዎች፣ ለአስጎብኚና ለበቅሎ አከራይ ማኅበራት፣ ለፓርክ ባለሙያዎች እንዲሁም በአካባቢያቸው አዲስ የእግር ጉዞ መስመር ለመክፈት ለሚያስቡ ሁሉ የተዘጋጀ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ ብትሠሩ በጥቂት ሰውና በተራ የእርሻ መሣሪያ መንገዳችሁን ለረጅም ዓመታት ማቆየት ትችላላችሁ።

1. የመንገዱን ባለቤት ወስኑ

መንገድ የሁሉም ሲሆን ጠጋኙ ማንም አይሆንም። ስለዚህ ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት ማን በምን እንደሚጠየቅ ተስማሙ። ኮሚቴው ውስጥ መንገዱን በየቀኑ የሚረግጡት ሁሉ ይወከሉ፦ ገበሬውና እረኛው፣ በቅሎ ነጂው፣ አስጎብኚው፣ ውሃ ቀጂዋና እንጨት ተሸካሚዋ፣ መንገዱ በቤተ ክርስቲያን ደን ወይም በጸበል አጠገብ የሚያልፍ ከሆነም የአጥቢያው ካህናት። መንገዱ ፓርክ ውስጥ ከሆነ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ይቅደም፤ የግል ይዞታ የሚነካ ከሆነ ደግሞ ከባለይዞታው ጋር የተደረገው ስምምነት በጽሑፍ ይስፈር።

መተዳደሪያ ደንብ ስታወጡ ሕዝቡ ከሚያውቀው ሥርዓት ተነሱ። መንዝ ውስጥ የጓሳ ሳር ለዘመናት የቆየው በቄሮ ሥርዓት ነው። ተጠቃሚዎቹ የመረጡት አባ ቄራ ሜዳው የሚዘጋበትንና ሳሩ የሚታጨድበትን ጊዜ ያስከብር ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት ካዳከመው በኋላም ማኅበረሰቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ ይዟል። ከዚህ የምትወስዱት ትምህርት ቀላል ነው፤ ደንቡን የሚያከብሩት ያወጡት ሰዎች ናቸው። የእናንተም ደንብ አጭር ይሁን፤ መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ፣ ማን ቅድሚያ እንዳለው፣ ምን እንደተከለከለና ቅጣቱ ምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ያስቀምጥ።

2. መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ተራምዳችሁ መዝግቡ

የመጀመሪያው ቅኝት ሁለት ጊዜ ይካሄድ፤ አንዱ በደረቅ ቀን፣ ሌላው ዝናብ እየወረደ ሳለ። በደረቅ ቀን የምታዩት ጉዳቱን ነው፤ በዝናብ የምታዩት መንስኤውን ነው። የሐምሌ ወይም የነሐሴ ዝናብ ሲበረታ ካፖርት ደርባችሁ ውጡና ውሃው ከየት ወደ መንገዱ እንደሚገባ፣ ስንት ሜትር እንደሚከተለውና የት ጥሎት እንደሚወጣ ተመልከቱ። መብረቅ ካለ ወይም ደራሽ የሚያወርድ ወንዝ መሻገር ካለባችሁ ግን ቅኝቱን ለሌላ ቀን አድርጉት።

በየ100 ሜትሩ ቁጥር ያለው ድንጋይ ወይም ችካል አስቀምጡ። ከዚያ መዝገብ ክፈቱና ለእያንዳንዱ ችግር አምስት ነገር ጻፉ፦ ቦታው ከየትኛው ቁጥር አጠገብ እንደሆነ፣ ምን እንደተበላሸ፣ ምን እንዳበላሸው፣ ምን እንደሚያስፈልግና ማን እንደሚሠራው። በስልክ ፎቶ አንሱ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው ቦታ ቆማችሁ እንደገና አንሱ። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ማየት ከማንኛውም ስብሰባ በላይ ያስማማል።

ቅኝቱን ስትጨርሱ ሥራውን በሦስት ደረጃ ክፈሉት። ሕይወት ላይ አደጋ የሚጥለው፣ ለምሳሌ የተበላ የገደል ጫፍ ወይም የበሰበሰ ድልድይ፣ ወዲያው ይዘጋል ወይም ይጠገናል። በየክረምቱ እየባሰ የሚሄደው በዚሁ ዓመት እቅድ ይገባል። ለዓይን ብቻ የማያምረው ይቆያል። ብዙ ኮሚቴዎች በሦስተኛው ጀምረው ጉልበታቸው ያልቃል፤ እናንተ ቅደም ተከተሉን አታፍርሱ።

ተጠቃሚውንም ቁጠሩ። በአንድ የገበያ ቀን፣ በአንድ ተራ ቀንና በአንድ የበዓል ሰሞን ከጧት እስከ ማታ እግረኛውን፣ ጭነት ከብቱን፣ ብስክሌቱንና እንስሳውን ለየብቻ መዝግቡ። የጫኑ አህዮች የሚበዙበት መንገድና ሯጮች የሚበዙበት መንገድ ስፋታቸውም ንጣፋቸውም አንድ አይሆንም።

3. ተዳፋቱን ለኩ

ለልኬት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች እርከን የሚቀይሱበትን የውሃ ልክ ተዋሱ። ሁለት ባለ 2 ሜትር በትር በየ10 ሳንቲሜትሩ ምልክት አድርጉበት፤ 10 ሜትር ሲባጎ በመካከላቸው ዘርጉና የውሃ ልኩን ሲባጎው መካከል ላይ ስቀሉ። የታችኛው ሰው ሲባጎውን ከፍ እያደረገ አረፋው መሐል ሲቆም የሁለቱን በትሮች ንባብ አቀናንሱ። ልዩነቱ 1 ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 10 በመቶ፣ ግማሽ ሜትር ከሆነ 5 በመቶ ነው።

ሁለት ልኬቶችን አስተውሉ። የመጀመሪያው የመንገዱ አማካይ ተዳፋት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ነው፤ አጭር ዳገት ላይ እስከ 15 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ ከዚያ ከበለጠ ድንጋይ ያልተነጠፈበት አፈር አይቆይም። ሁለተኛው የመንገዱ ተዳፋት ከተራራው ጎን ተዳፋት ግማሽ እንዳይበልጥ ነው። የተራራው ጎን 16 በመቶ ከሆነ መንገዱ ከ8 በመቶ አይለፍ። ግማሹን ካለፈ ውሃው በጎን ተሻግሮ መውረዱን ትቶ መንገዱን ይከተላል። ሽቅብ በቀጥታ የሚወጡ የጥንት አቋራጮች ሁሉ የሚቦረቦሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ፍጹም ሜዳ የሆነ ቦታም ችግር አለው፤ ውሃው መሄጃ ስለሌለው ይተኛል፣ መንገዱም ጭቃ ይሆናል። አዲስ መስመር ስትቀይሱ ከሜዳው ይልቅ በተራራው ጎን እየተጠማዘዘ የሚሄደውን ምረጡ። የነበረው መስመር ከልክ ያለፈ ቁልቁል ከሆነ ደግሞ በየዓመቱ ከመጠገን አንድ ጊዜ ማዛወር ይረክሳል።

4. ውሃውን ከመንገዱ አውጡ

ይህ የመመሪያው ልብ ነው፤ የሌላው ሁሉ ዕድሜ በዚህ ይወሰናል።

ከመንገዱ ገጽ ጀምሩ። የመንገዱ ውጫዊ ጠርዝ ከውስጠኛው ዝቅ ይበል። ልኩ 5 በመቶ አካባቢ ነው፤ 1 ሜትር ስፋት ላለው መንገድ 5 ሳንቲሜትር ማለት ነው። ለእግር አይታወቅም፤ ለውሃ ግን ይበቃል። በጊዜ ብዛት እግር መሐሉን ያጎደጉደዋል፤ ታጥቦ የመጣ ደለልም ውጫዊ ጠርዙ ላይ ተከምሮ ውሃውን ያግደዋል። ይህን ክምር በዶማ ቁረጡና አፈሩን ወደ ጎደጎደው መሐል መልሱ። ትክክል መሆኑን ለመፈተሽ ግማሽ ጄሪካን ውሃ አፍስሱ። ውሃው በአንድ ሁለት እርምጃ ውስጥ በጎን ከወጣ ሥራችሁ ተሳክቷል፤ መንገዱን ይዞ ከወረደ ገና ነው። የጫነ በቅሎ በገደል አፋፍ በሚያልፍበት ቦታ ግን መንገዱን ወደ ገደሉ አታዘንብሉ። እዚያ ወደ ተራራው አዘንብላችሁ በውስጥ በኩል ቦይ ቅደዱ፤ ውሃውን ደኅና ቦታ ስትደርሱ በድንጋይ በተሠራ መተላለፊያ አሻግሩት።

ቀጥሎ የቁልቁለቱን ርዝመት ሰባብሩ። እየወረደ ያለ መንገድ በየመካከሉ ጥቂት ሜትር ሽቅብ ተመልሶ እንደገና ይውረድ። ውሃ ሽቅብ ስለማይወጣ ዝቅ ባለው ቦታ ላይ በጎን ይወጣል። እጥፋቱ በቅሎና ብስክሌት ሳይደናቀፉ እንዲያልፉ ሰፋና ለስለስ ያለ ይሁን። መንገዱ አስቀድሞ ቀጥ ብሎ ተሠርቶ ይህን ማድረግ ካልተቻለ የድንጋይ መቀልበሻ አብጁ። መቀልበሻው ለመንገዱ በ45 ዲግሪ ገደማ ይጋደም፤ ድንጋዮቹ ከባድ ይሁኑና ሁለት ሦስተኛቸው መሬት ውስጥ ይቀበር። ሰኮና የሚነቅለው ድንጋይ ከሚኖር ጭራሽ ባይኖር ይሻላል፤ ለተጓዡ እንቅፋት፣ ለውሃው ደግሞ አዲስ መግቢያ ይሆናልና። ቁልቁለቱ በከበደበት በየ15 እስከ 20 ሜትሩ፣ በለዘበበት በየ30 እስከ 40 ሜትሩ ጀምሩ፤ ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ የተሸረሸረው ቦታ የት መጨመር እንዳለባችሁ ያሳያችኋል።

መውጫውን አትርሱ። ብዙ መቀልበሻ የሚከሽፈው አፉ ስለሚደፈን ነው። መውጫው ከመቀልበሻው የሰፋ ይሁን፤ ከመንገዱ ጠርዝ ቢያንስ 1 ሜትር አልፎ ይዝለቅ፤ ውሃው በሚያርፍበት ላይ ድንጋይ ተነጥፎ አዲስ ቦረቦር እንዳይጀምር ይከላከል። ውሃውን የሰው ማሳ ላይ አትልቀቁ። የተቀለበሰ ጎርፍ ጎረቤትን ከጎረቤት ሊያካስስ ይችላልና፣ ከታች ያለውን ገበሬ ሳታማክሩ ቦይ አትቅደዱ። ሳር የለበሰ ወይም ድንጋያማ ቦታ ምረጡ፤ ካልተገኘ የቀበሌው የተፋሰስ እቅድ ካዘጋጀው የውሃ መውረጃ ጋር አገናኙት።

ከላይ የመኪና መንገድ ካለ የቱቦዎቹን አፍ ተከታተሉ። አንድ የመኪና መንገድ ቱቦ የሰፊ አካባቢን ጎርፍ ሰብስቦ በአንድ ነጥብ ይለቃል። ያ ነጥብ የእግር መንገዳችሁ ላይ ካረፈ ምንም ያህል መቀልበሻ ቢሠራ አይበቃም። መፍትሔው ከመንገድ ባለሥልጣን ጋር ተነጋግሮ ውሃውን ከምንጩ ማዛወር ነው።

5. የረገረገውንና የተቦረቦረውን ጠግኑ

ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያጣብቃል። ተጓዡ ጭቃውን እየሸሸ በጎን ስለሚረግጥ መንገዱ ከዓመት ዓመት ይሰፋል። እዚህ ላይ ጭቃውን መዛቅ ትርፉ ድካም ነው። መንገዱን ከፍ አድርጉት፦ በግራና በቀኝ ቦይ ቅደዱ፣ ትላልቅ ድንጋዮችን በሁለቱ ጠርዝ አሰልፉ፣ መሐሉን በተሰባበረ ድንጋይ፣ ከዚያ በጠጠር፣ ከላይ በቀይ አሸዋ ወይም በአሸዋማ አፈር ሙሉና ጠቅጥቁ።

ቁልቁለት ላይ ድንጋይ ስትነጥፉ ድንጋዩን አታጋድሙት፤ ረጅሙን ጎን ወደ መሬት አቁሙት። የቆመ ድንጋይ በጎረቤቶቹ ተደግፎ ይቆያል፤ የተጋደመው በጥቂት ቀን ይገላበጣል። ንጣፉን ሁልጊዜ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ሥሩ፤ የታችኛው ረድፍ ትልቁና ጠንካራው ይሁን፤ የላይኛውን የሚሸከመው እሱ ነውና። ደረጃ ካስፈለገ ቁመቱ ከ20 ሳንቲሜትር አይብለጥ። ጭነት የያዘ በቅሎና ሸክም ያዘለ ሰው ከዚያ በላይ ሲሆንባቸው ደረጃውን ትተው በጎን ይወጣሉ።

የተቦረቦረውን መንገድ በአፈር ለመሙላት አትሞክሩ፤ የሚቀጥለው ክረምት ይወስደዋል። መንገዱን አጠገቡ ወዳለው ጤነኛ መሬት አዛውሩና ቦረቦሩን በድንጋይ ክትር ዝጉ። ክትሮቹ ከ1 ሜትር ያልበለጠ ቁመት ይኑራቸው፤ መሐላቸው ከዳራቸው ዝቅ ይበል፤ ውሃው በመሐል ካላለፈ ዳሩን ይበላዋልና። የላይኛው ክትር እግር ከታችኛው ክትር አናት ጋር እኩል እንዲሆን አራርቋቸው። ደለሉ ሲሞላ የአካባቢውን ሳር ትከሉበት፤ በከፍታው ላይ ጓሳ፣ ዝቅ ሲል አካባቢው ላይ በተፈጥሮ የሚበቅለውን ምረጡ። ፓርክ ውስጥ መጤ ዝርያ አታስገቡ።

አቋራጭ ሲወጣ መጀመሪያ ለምን እንደወጣ ጠይቁ። ዋናው መንገድ ጭቃ ስለሆነ ወይም መታጠፊያው አላስፈላጊ ስለረዘመ ሊሆን ይችላል። መንስኤውን ካስተካከላችሁ በኋላ የአቋራጩን ሁለቱንም አፎች በድንጋይና በእሾህ ዝጉ፤ አፈሩን ቆፍራችሁ አላሉት፤ ሳር ዝሩበት። አንዱን አፍ ብቻ መዝጋት ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጣውን ሰው አያስቆምም።

ከ3,500 ሜትር በላይ ባለ መንገድ ላይ አንድ ተጨማሪ ጠላት አለ፤ ውርጭ። ሌሊት አፈሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በርዶ አፈሩን ያነሳዋል፤ ረፋድ ላይ ሲቀልጥ የተነሳው አፈር ልል ሆኖ ይቀራል። እርቃኑን የቀረ አፈር እዚህ ከፍታ ላይ በቀላሉ አያገግምም፤ ስለዚህ ቆላ ካለው መንገድ ይበልጥ ድንጋይና የሳር ሽፋን ያስፈልገዋል፤ ከመንገድ መውጣትም በጥብቅ ይከልከል።

6. ቅርንጫፉን፣ ድልድዩንና ማረፊያውን ተከታተሉ

ለእግረኛ ብቻ በሆነ መንገድ ላይ ከመሬት እስከ 2.4 ሜትር ከፍታ ድረስ ያለው ቅርንጫፍ ይነሳ፤ ፈረሰኛና ጭነት ከብት የሚያልፍበት ከሆነ እስከ 3 ሜትር። በሁለቱም ጎን ከተጫነ በቅሎ የሚተርፍ ስፋት ይኑር። ቅርንጫፉን ከግንዱ አጠገብ በመጋዝ ቁረጡ፤ በገጀራ ተቆርጦ የቀረ ሹል ጉማጅ ዓይን ያወጣል። ከሚያስፈልገው በላይ አትመንጥሩ፤ ጥላ የመንገዱን አፈር ከዝናብ ጠብታ ያድናል። የባሕር ዛፍ ሥር ብዙውን ጊዜ ሳር የማይበዛበት ባዶ መሬት ስለሆነ ከዚያ የሚመጣው ውሃ ፈጣን ነው፤ እዚያ መቀልበሻ አብዙ።

የባሕር ዛፍ ግንድ ድልድይ የሚበሰብሰው አፈር በሚነካበት ጫፉ ነው። ቅርፊቱን ላጡ፤ ጫፎቹን በድንጋይ መደብ ላይ አስቀምጡ፤ ከጎርፉ ምልክት በላይ ከፍ አድርጉ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ጫፎቹን በድጅኖ ወጉ፤ ብረቱ በቀላሉ ከገባ ግንዱ ይቀየር።

በየመንገዱ ለተሸካሚዎች በወገብ ቁመት የድንጋይ መደብ ሥሩ። እንጨት ወይም ውሃ ያዘለ ሰው ሸክሙን መሬት ላይ ካወረደ ያለ ረዳት ማንሳት ይከብደዋል፤ መደቡ ላይ ግን ራሱ ጠጋ ብሎ ያሳርፋል፣ ራሱም ያነሳል። ይህ ትንሽ ሥራ መንገዱ የእነሱም መሆኑን ያስመሰክራል፤ የሚጠብቁትም እነሱ ይሆናሉ።

7. ተጠቃሚዎቹን አስማሙ

የመተላለፊያ ደንቡ ሁሉም የሚያስታውሰው አጭር ነገር ይሁን። ጭነት የያዘ ከብትና ሸክም የያዘ ሰው ከሁሉም ይቅደሙ። ብስክሌተኛ ለእግረኛም ለፈረሰኛም ይቁም። ቁልቁል የሚወርድ ሽቅብ ለሚወጣ መንገድ ይልቀቅ። በቅሎ በገደል ዳር ሲመጣ እግረኛው በተራራው በኩል ተጠግቶ ይቁም፤ ጭነቱ ቢገፋው ወደ ገደል እንዳይጥለው። ከኋላ የሚመጣ ሯጭና ብስክሌተኛ ሳይቀርብ በድምፅ ያሳውቅ፤ የደነበረ ፈረስ ለሁሉም አደጋ ነው።

መንገዱ ጠባብ ሆኖ ፍጥነቱ የሚለያይ ሰው ከበዛበት ጊዜን ወይም መስመርን ለዩ። ለምሳሌ ቁልቁለታማውን ክፍል ለብስክሌት በተወሰኑ ሰዓቶች ብቻ ፍቀዱ፤ ለበቅሎ ድንጋይ የተነጠፈ መስመር፣ ለእግረኛ ደግሞ ለስላሳውን አዘጋጁ። መንገዱ በጣም በረጠበበት የክረምት ሳምንታት የመዝናኛ ፈረስና ብስክሌት ይታገድ። አንድ ቀን በጭቃ የሚያልፍ የሰኮና ሠልፍ የሚያደርሰውን ጉዳት በደረቁ ወራት የረጅም ጊዜ ምልልስ አያደርሰውም። ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ገበያና ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደውን ሰው ግን ፈጽሞ አትዝጉበት።

8. ምልክት፣ ደኅንነት፣ ምንጭና አራዊት

ምልክት በመገንጠያ ላይ ይቁም። በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በአካባቢው የሚነገር ሌላ ቋንቋ ካለም በእሱ፣ የቦታውን ስም፣ ርቀቱን፣ የሚወስደውን ሰዓት፣ ከፍታውንና ውሃ የሚገኝበትን ይግለጽ። የስልክ ኔትዎርክ የሚይዝበትን ቦታ መጠቆም ሕይወት ያድናል። ከብት እየታከከ ስለሚጥለው የምሰሶው ሲሶ ይቀበር፣ ዙሪያውም በድንጋይ ይጠበቅ። ዓለት ላይ ቀለም አትቀቡ።

ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። እንዲህ ባለ መስመር ላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የያዘው ተጓዥ ከፍታ እንዳይጨምር፣ ከባሰበት ወዲያው እንዲወርድ አስጎብኚው ሁሉ ይወቅ። በእያንዳንዱ ሰፈር ባዶ በቅሎ ተጠባባቂ ይኑር፤ የቅርቡ ጤና ጣቢያ ስልክ መዝገቡ ሽፋን ላይ ይጻፍ።

ሽንት ቤት ከምንጭና ከወንዝ ቢያንስ 60 ሜትር ይራቅ። ምንጭ ላይ ሰው የሚቀዳበት ከላይ፣ ከብት የሚጠጣበት ከታች ተለይቶ ይሠራ። ለጭላዳ ምግብ አይሰጥ። ውሻ ይዞ መግባት ይከልከል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ ፈጅቷልና። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ቅርስ በጥንቃቄ ጉድለት ምን ያህል እንደሚንሸራተት፣ መልሶ ማቅናቱም ስንት ዘመን እንደሚወስድ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

9. ገንዘቡንና ጉልበቱን በወቅቱ አዘጋጁ

የጥገና በጀት ሙሉ በሙሉ በእንግዳ ክፍያ ላይ አይመሥረት። ከ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ ጀምሮ፣ ከዚያም በ2013 ዓ.ም በተነሳው የሰሜኑ ጦርነት ጎብኚው ሲቀር በእሱ ላይ ብቻ ያለ ገቢ ሁሉ ደርቋል፤ ዝናቡ ግን አልቀረም። ስለዚህ በደህናው ዓመት ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ የተወሰነ ድርሻ ለክፉ ቀን ለጥገና ብቻ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ። ሒሳቡ በሁለት ፊርማ ይንቀሳቀስ፤ ገቢና ወጪው እንደ ዕድር መዝገብ በዓመት ሁለት ጊዜ በሕዝብ ፊት ይነበብ።

ጉልበትን በተመለከተ ትልቁ ዕድላችሁ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ነው። የመንገዱ መቀልበሻና ክትር በቀበሌው እቅድ ውስጥ አስቀድሞ እንዲካተት ኅዳር ላይ ጠይቁ። ድንጋይ ካብ መካብ የሚችል ሰው በየመንደሩ አለ፤ እሱን ግን በነጻ አታሠሩት፤ ለባለሙያ ሥራ ተገቢውን ክፈሉ። ለቀላሉ ሥራ በደቦ ውጡ፤ ሴቶች በሥራውም በክፍያውም በእኩል ይሳተፉ። በቂ የሚሆኑት መሣሪያዎች ዶማ፣ አካፋ፣ ድጅኖ፣ መዶሻ፣ ማጭድ፣ መጋዝ፣ ባሬላና የውሃ ልክ ናቸው፤ በአንድ ሰው ኃላፊነት በተቆለፈ ክፍል ይቀመጡ።

የዓመቱ መርሐ ግብር እንዲህ ይሁን፦

• መስከረምና ጥቅምት፦ ከክረምቱ በኋላ ሙሉ ቅኝት፣ ፎቶ፣ የድልድይ ፍተሻ፣ የቅድሚያ ዝርዝር።
• ኅዳርና ታኅሣሥ፦ ቅርንጫፍ መቁረጥ፣ ምልክት ማደስ፣ የድንጋይ አቅርቦት፣ ከቀበሌ ጋር እቅድ ማስማማት።
• ጥርና የካቲት፦ ክትር፣ ንጣፍ፣ መቀልበሻ፣ መስመር ማዛወር።
• መጋቢትና ሚያዝያ፦ የእሳት ጥበቃ፣ የደረቀ ሳርና ቆሻሻ ማንሳት፣ የበልግ ዝናብ ካለ የአዲሱን ሥራ ብቃት መፈተሽ።
• ግንቦት፦ የቦይና የመቀልበሻ ሁሉ ጽዳት፣ የመውጫዎች መከፈት።
• ከሰኔ እስከ ነሐሴ፦ በዝናብ ቅኝት፣ እርጥብ መስመሮችን ማገድ፣ ሳር መትከል።

ሁሉንም በአንድ ዓመት መሥራት ካልቻላችሁ የምትተዉትንና የማትተዉትን ለዩ። ምልክቱ ይቆይ፣ ንጣፉም ለከርሞ ይተላለፍ፤ የግንቦቱ የቦይ ጽዳት ግን አይዝለል። አንድ ዶማ የያዙ ሁለት ሰዎች በቀን ብዙ መውጫ ይከፍታሉ፤ የተዘጋ አንድ መውጫ የሚያመጣውን ቦረቦር ለመዝጋት ግን መንደር ሙሉ ሰው ያስፈልጋል። ገንዘብም ሰውም ሲያጥራችሁ እነዚያን ሁለት ሰዎች ፈልጉ፤ ሰኔ ከመግባቱ በፊትም ከመስመሩ አናት ጀምረው ወደ ታች እንዲሠሩ አሰማሯቸው።